ለ«ቤት እፈልጋለሁ» የሚመጣውን መልስ እንዴት እንመዝነው?

(አዲስ አበባ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለሚከራዩ ወጣቶች በተዘጋጀ የቅዳሜ ከሰዓት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ።)

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ ያላችሁ ድምፅ ይሰማችኋል? እሺ። ወንበር ያላገኛችሁ እዚህ ፊት ለፊት ቦታ አለ፤ ኑ ግቡ፣ ተቀመጡ።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቤት ኪራይ ነው። የኪራይ ዋጋ ለምን እንዲህ ሆነ የሚለውን ግን ለሌላ ቀን እንተወው። የእኔ ርዕስ ጠበብ ያለ ነው። ቴሌግራም ላይ «ቤት እፈልጋለሁ» ብላችሁ ትለጥፋላችሁ። ሻይ ጠጥታችሁ ሳትጨርሱ መልስ መጉረፍ ይጀምራል። «አለኝ»፣ «በውስጥ አናግሪኝ»፣ «ደውል»፣ «ባለቤቱ እኔ ነኝ፣ ደላላ የለም»። ከዚህ ሁሉ የትኛውን ታምናላችሁ? የትኛውን ትተዋላችሁ? መልሱን ከማንበብ ጀምሮ ቁልፍ እስከ መቀበል ባለው መንገድ ላይ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው የት ላይ ነው? ዛሬ የምንሄደው ይህንን መንገድ ነው።

እስቲ እጅ አውጡልኝ። ባለፉት ሦስት ወራት ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ ላይ ቤት እፈልጋለሁ ብላችሁ የጻፋችሁ? እሺ፣ ግማሹ አዳራሽ። ቤቱን በዓይናችሁ ሳታዩ ብር ላኩ የተባላችሁስ? አያችሁ? እጁን ያወረደ ሰው እምብዛም የለም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ የቀረው ሁሉ የተንጠለጠለው በእርሱ ላይ ነው። ሌላ ሰው «የሚከራይ ቤት» ብሎ ሲለጥፍ መጀመሪያ የሚናገረው እርሱ ነው። እናንተ «ቤት እፈልጋለሁ» ስትሉ ግን መጀመሪያ የምትናገሩት እናንተ ናችሁ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ሰው ግን ልብ አይለውም። «የካ አባዶ ወይም ሰሚት፣ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም፣ እስከ 15 ሺህ ብር፣ እስከ ወሩ መጨረሻ መግባት አለብኝ፣ በጣም አስቸኳይ።» ይህን ስትጽፉ ምን ሰጣችሁ? ኪሳችሁን ሰጣችሁ። ቀናችሁን ሰጣችሁ። ጭንቀታችሁን ሰጣችሁ። አጭበርባሪው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? የቀረው ሥራ የጻፋችሁትን መልሶ ለእናንተው ማንበብ ብቻ ነው። «ሰላም እህቴ፣ የካ አባዶ ባለ አንድ መኝታ አለኝ፣ 14 ሺህ፣ ዛሬ ብትፈልጊም መግባት ትችያለሽ።» ይህ መስታወት ነው። ቤት ፈላጊዋ የራሷን መልክ አይታ ደስ ትላታለች።

እውነተኛ ቤት ግን አመል አለው። እውነተኛ አከራይ እንዲህ ነው የሚመልሰው፦ «አለኝ፤ ግን አባዶ ሳይሆን ከዚያ ትንሽ ወረድ ይላል። አራተኛ ፎቅ ነው። ዋጋው 17 ነው፣ እንነጋገራለን። የቀድሞዋ ተከራይ ገና እየወጣች ነው፣ ከአሥር ቀን በኋላ ነው የሚለቀቀው። ስንት ሰው ነው የሚገባው?» ይህ መልስ የማይስማማችሁ ነገር አለበት፤ ስለዚህ ቤት አለበት። በሁሉም ነገር ልክ ልካችሁን ሆኖ የመጣው መልስ ላይ ነው ቆም ማለት ያለባችሁ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ነጥቤ ይህ ነው፦ ጥያቄውን ስትጽፉ ሁሉንም አትናገሩ። የሰፈር ክልል ጻፉ፤ የክፍል ብዛት ጻፉ፤ ከመቼ በኋላ እንደምትገቡ በግምት ጻፉ። «አስቸኳይ» የሚለውን ቃል አውጡት። የመጨረሻ ዋጋችሁን አትጻፉ። ብቻችሁን እንደምትኖሩ፣ የት እንደምትሠሩ፣ ስንት ሰዓት እንደምትገቡ አትጻፉ። ከሁሉ በላይ ግን አንድ የምትፈልጉትን ነገር ሆን ብላችሁ አስቀሩ። ለምሳሌ የግል ቆጣሪ ያለው ቤት ትፈልጋላችሁ እንበል። እርሱን አትጻፉ። መልስ ሲመጣ ጠይቁ፣ ግን የምትፈልጉትን ሳትናገሩ ጠይቁ። «ቆጣሪው የግል ነው አይደል?» ካላችሁ መልሱን ራሳችሁ ሰጣችኋል፤ «አዎ» ይላችኋል። «ቆጣሪው እንዴት ነው?» በሉ።

ለእያንዳንዱ መልስ ሰጪ የምትልኳቸው ጥያቄዎች ቤቱን የሚያውቅ ሰው ሳያስብ የሚመልሳቸው፣ የማያውቅ ሰው ግን የሚንተባተብባቸው መሆን አለባቸው። ውኃ በየትኛው ቀን ነው የሚመጣው? ሮቶ አለ? የራሱ ነው ወይስ የጋራ? መብራቱ በካርድ ነው ወይስ በወር ክፍያ? የሳሎኑ መስኮት ወደ የት ያያል? ጠዋት ነው ፀሐይ የሚገባው ወይስ ከሰዓት? ታክሲ የት ነው የሚያወርደኝ፣ ከዚያ በእግር በየት በኩል ነው የምመጣው? ከእኔ በፊት ማን ነበረ፣ መቼ ወጣ? አምስት ስድስት ጥያቄ ይበቃል። «ባለቤቱ እኔ ነኝ» ያለ ሰው ውኃ በስንት ቀን እንደሚመጣ «አጣርቼ እነግርሻለሁ» ካለ፣ ባለቤት አይደለም ወይም ቤቱን አያውቀውም። ደላላ ቢሆን ግን «ባለቤቱን ጠይቄ ልንገርሽ» ማለቱ ያለ ነው፤ አትፍረዱበት። የሚያሳስበው ባለቤት ነኝ እያለ የማያውቀው ነው።

ደላላ ካልኩ አይቀር፣ ደላላ ሁሉ ሌባ ነው የሚል ሰው እዚህ ካለ አልስማማም። ከተማውን ብሎክ በብሎክ የሚያውቁ፣ አከራዩን ከነቤተሰቡ የሚያውቁ፣ ስማቸውን የሚጠብቁ ደላሎች አሉ። መለያው ቀላል ነው። ሥራውን የሚያውቅ ደላላ ኮሚሽኑን የሚቀበለው ውል ሲፈረም ነው፤ ምን ያህል እንደሆነም ገና ቤቱን ከማሳየቱ በፊት ይነግራችኋል። «መጀመሪያ የማሳያ በቴሌብር ላኪ፣ ከዚያ አድራሻ እልካለሁ» የሚለው ግን የሚሸጠው ቤት ሳይሆን አድራሻ ነው። ሁለት መቶ ብር ከሃምሳ ሰው ቢሰበስብ አሥር ሺህ ነው፤ ከሃምሳው አንዱም ለሁለት መቶ ብር ፖሊስ ጣቢያ አይሄድም። የሚኖረው በዚህ ነው።

ወደ ፎቶው እንምጣ። ፎቶ ሲላክላችሁ መጀመሪያ ቤቱ ማማሩን አትዩ። በጉግል ሌንስ ፈልጉት፤ ስልካችሁ ላይ ፎቶውን ከፍታችሁ የምትፈልጉበት ቀላል መንገድ ነው። ያው ሳሎን በሌላ ከተማ የሆቴል ማስታወቂያ ላይ ከተገኘ ጉዳዩ እዚያው አለቀ። ባይገኝ ደግሞ ነጻ ነው ማለት አይደለም፤ ስለዚህ አተኩራችሁ እዩ። የግድግዳውን ሶኬት እዩ። እኛ አገር የለመድነው ሁለት ክብ ቀዳዳ ያለውን ነው፤ ፎቶው ላይ ያለው ሁለት ጠፍጣፋ ስንጥቅ ወይም ሦስት አራት ማዕዘን ቀዳዳ ከሆነ ያ ግድግዳ የካ አባዶ መሆኑን ተጠራጠሩ። በመስኮቱ በኩል የሚታየውን እዩ። አራተኛ ፎቅ የተባለው ቤት መስኮቱ ላይ የአጥር ቆርቆሮ ከታየ ማን ነው የተሳሳተው? ከአምስቱ ፎቶ በአንዱ ወለሉ ሴራሚክ፣ በሌላው እንጨት ከሆነስ? ከአንድ በላይ ቤት ተገጣጥሟል።

ከዚያ አንድ ነገር ጠይቁ፦ «እባክዎ የበሩን ቁጥርና ቆጣሪውን የሚያሳይ ፎቶ አሁን አንስተው ይላኩልኝ።» ይህን ለመላክ ደጁ ላይ መቆም ያስፈልጋል። ቤቱ በእጁ የሌለ አጭበርባሪ ደጁ ላይ አይቆምም። «አሁን ክፍለ ሀገር ነኝ» ይላል፣ «ስልኬ ካሜራው ተበላሽቷል» ይላል፣ ወይም ይቆጣል። «ካላመንሽኝ ተይው፣ ስንት ፈላጊ አለ መሰለሽ» ብሎ ከተቆጣ፣ እሺ ተይው። ለመጣበት ጥያቄ የሚቆጣ አከራይ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ሁለት ዓመት አብራችሁት ልትኖሩ የምትችሉት ሰው አይደለም።

አካውንቱንም እዩ። የማታውቁት ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጽፍላችሁ፣ ቴሌግራማችሁ የታደሰ ከሆነ፣ ስልኩ የየት አገር እንደሆነ፣ አካውንቱ በየትኛው ወር እንደተከፈተ፣ ከእናንተ ጋር የሚጋራው ግሩፕ እንዳለ ከላይ ያሳያችኋል። «ሃያ ዓመት ገርጂ ኖሬያለሁ» የሚል አከራይ አካውንቱ ባለፈው ወር የተከፈተና ቁጥሩ የሌላ አገር ከሆነ ምን ማለት ነው? ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ ሰው አዲስ ስልክ ይገዛል። ግን ከሌላው ጋር ደምሩት። አንድ ምልክት ቢሆን እለፉት፣ ሁለት ሲሆን ጠይቁ፣ ሦስት ሲሆን ዝጉት።

ሁለተኛው ነጥብ፦ እነርሱ ምን እንደሚነግሯችሁ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚጠይቋችሁ መዝኑ። ቤት ለማከራየት አከራይ ከእናንተ ምን ማወቅ አለበት? ስንት ሰው ትገባላችሁ፣ መቼ ትገባላችሁ፣ ምን ትሠራላችሁ፣ ኪራዩን ትከፍላላችሁ ወይ። በቃ። ከዚህ አልፎ የሚመጣ ጥያቄ ሁሉ ምክንያት ያስፈልገዋል።

ከሁሉ የከፋው ኮድ ነው። «አድራሻውን በሲስተም እየላኩልሽ ነው፣ የደረሰሽን አምስት ቁጥር ንገሪኝ» ይላል። ያ አምስት ቁጥር የቴሌግራማችሁ መግቢያ ነው። ነገራችሁት ማለት የቤታችሁን ቁልፍ ሰጣችሁ ማለት ነው፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በእናንተ ስም እናታችሁን፣ የሥራ ባልደረባችሁን፣ የዕቁብ ጓደኛችሁን ብር አበድሩኝ ይላል። ኮድ ለማንም አይነገርም። ለአከራይም፣ ለደላላም፣ ከባንክ ነኝ ላለም አይነገርም። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ የሚለውን ክፈቱ፤ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽንን አብሩት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ያን ጊዜ ኮዱ ቢያመልጣችሁ እንኳ የይለፍ ቃል ይጠየቃል።

ቀጥሎ የፋይዳ ካርድ ነው። «መታወቂያሽን በፎቶ ላኪልኝ፣ ለሌላ ሰው እንዳልሰጠው» ይላሉ። መታወቂያ ያስፈልጋል፤ የሚያስፈልገው ግን ውል ሲጻፍ፣ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ነው። ቤቱን ሳታዩ የመታወቂያ ፎቶ አትላኩ። በውሉ ጊዜ ኮፒ ከሰጣችሁ ኮፒው ላይ በእስክሪብቶ፣ ፎቶውን ሳይሸፍን ግን ጽሑፉን አቋርጦ፣ «ለቤት ቁጥር ይህን ያህል የኪራይ ውል ብቻ» ብላችሁ ቀን ጻፉበት። ያ ኮፒ ሌላ ቦታ ቢወሰድ ጽሑፉ አብሮት ይሄዳል።

ሴቶች እህቶቼ፣ ለእናንተ አንድ ነገር ልጨምር። «ብቻሽን ነሽ?» «ወንድ ይመጣል?» «ፎቶሽን ላኪልኝ፣ ጨዋ መሆንሽን ልይ» የሚሉ መልሶች ይመጣሉ። የግቢ ሕግ ያላት ወይዘሮ «ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ በር ይዘጋል» ብትል ሕጓን እየነገረች ነው። ፎቶ የሚጠይቅ ሰው ግን ተከራይ እየፈለገ አይደለም። መልስ አትስጡት፤ ቁጥራችሁን ካገኘ አግዱት። ቤት ለማየት ከጨለመ በኋላ አትሂዱ። ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ሰው ካጣችሁ ላይቭ ሎኬሽን ለምታምኑት ሰው አብሩለት፣ «ስገባ እደውላለሁ፣ በሃያ ደቂቃ ካልደወልኩ ደውዪ» በሉ። መጀመሪያ ቤቱ በር ላይ ሳይሆን ሰው ባለበት ቦታ፣ ካፌ ወይም የብሎኩ ጥበቃ ዘንድ ተገናኙ። ስትገቡም በሩ ይከፈት፤ «ንፋስ ይግባ» ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ጠንቃቃ ሰው ራሱ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነውና። እስካሁን ያልኩትን ሁሉ አደረጋችሁ። ጠየቃችሁ፣ መልሱ ትክክል ነበረ። ሄዳችሁ። ሰውየው በሰዓቱ መጣ፣ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ውኃውን ከፍቶ አሳያችሁ። ቤቱ አለ። ሰውየው አለ። ቁልፉ አለ። ታዲያ ምን ቀረ?

ቁልፍ የባለቤትነት ማስረጃ አይደለም። እደግመዋለሁ፦ ቁልፍ የባለቤትነት ማስረጃ አይደለም። በቀን የሚከራይ፣ ዕቃው የተሟላ ቤት ለሦስት ቀን የተከራየ ሰው ቁልፍ አለው። ኪራይ ሳይከፍል ከርሞ በሚቀጥለው ሳምንት የሚባረር ተከራይ ቁልፍ አለው። ለዕድሳት የገባ ቀለም ቀቢ ቁልፍ አለው። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ለሦስት ቀን ቤት ይይዛል፤ በእነዚያ ሦስት ቀናት ቤት እፈልጋለሁ ላሉ አሥራ አምስት ሰዎች ይጽፋል፤ በየሰዓቱ አንድ አንድ እያስገባ ያሳያል፤ ከእያንዳንዱ ቀብድ ይቀበላል። በአራተኛው ቀን ጠዋት አምስት ሰው ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ አንድ በር ላይ ይገናኛል። በሩን የሚከፍተው ደግሞ ስለ ምንም ነገር የማያውቅ እውነተኛው ባለቤት ነው።

አንዲት ልጅ በዚህ ዓይነት መንገድ የሁለት ወር ኪራይ አጥታ ወረቀቷን ይዛ መጥታ ነበር። የያዘችው ወረቀት ላይ ፊርማ አለ፣ የሰውየው ስም አለ፣ የአባቱ ስም አለ። የአያቱ ስም የለም፤ የቤት ቁጥር የለም። ብሩ የገባው በሌላ ሰው ስም ነው፤ «የባለቤቴ አካውንት ነው» ብሏት። ያየችው ቤት፣ የያዘችው ውልና የከፈለችበት አካውንት ሦስቱም እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም ነበር።

እና ምን እናድርግ? ቤቱን አይታችሁ ስትወጡ ቸኩላችሁ አትሂዱ። ሰውየው ከሄደ በኋላ ተመለሱ። የብሎኩን ጥበቃ «ጋሼ፣ ያ ቤት የማን ነው?» በሉ። በዚያው ፎቅ ያለ ጎረቤት አንኳኩ፤ «ልከራይ ነው፣ ውኃው እንዴት ነው?» ብላችሁ ጀምሩ። ሰው ስለ ውኃ ሲጠየቅ ይናገራል፤ ከውኃው ጋር የባለቤቱን ስም ትሰማላችሁ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የጋራ መኖሪያ ማኅበሩ ኮሚቴ አለ፤ ለጥበቃና ለጽዳት በየወሩ የሚከፍለው ማን እንደሆነ መዝገብ ላይ አለ። ግቢ ከሆነ የሰፈሩን ሱቅ ጠይቁ። በሳምንት ውስጥ «ስምንተኛ ጠያቂ ነሽ» ካላችሁ ነገሩ ገባችሁ ማለት ነው።

አራተኛ፣ ወረቀት። ማን ነው የማከራየት መብት ያለው? የግል ቤት ከሆነ በይዞታ ማረጋገጫ ካርታው ላይ ስሙ የሰፈረው ሰው ነው። የካርታውን ፎቶ በስልክ ማየት በቂ አይደለም፤ በስልክ ላይ ያለ ስም በአምስት ደቂቃ ይቀየራል። ዋናውን እዩ። ስሙን እስከ አያት ድረስ ከመታወቂያው ጋር አስተያዩ። እስከ አያት! በከተማችን ስሙና የአባቱ ስም የሚመሳሰል ሰው ስንት ነው? ወረዳውና የቤት ቁጥሩ የቆማችሁበት ቤት መሆኑን እዩ። የባልና ሚስት የጋራ ንብረት ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ። ባለቤቱ ካረፉ የወራሽነት ማረጋገጫ ጠይቁ፤ ወራሾቹ ብዙ ከሆኑ አንዱ ብቻ «የአባቴ ቤት ነው» ቢል አትቀበሉ።

ኮንዶሚኒየም ላይ ሁሉም ሰው ካርታ ላይኖረው ይችላል፤ የባንክ ዕዳውን ገና እየከፈለ ያለ አለ። ያን ጊዜ የዕጣ ባለ መብቱ የፈረመውን የቤት ሽያጭ ውል እዩ። በውክልና የሚያከራይ ከሆነ ውክልናው በሰነዶች ማረጋገጫ የተመዘገበ መሆኑን፣ ውስጡም «ማከራየት» እና «የኪራይ ገንዘብ መቀበል» የሚሉ ቃላት መኖራቸውን አንብቡ። ቤት ለመጠበቅ የተሰጠ ውክልና ለማከራየት አይሆንም። ውክልናው እንዳልተሻረ ደግሞ ባለቤቱን በቪዲዮ አነጋግሩ።

የቀበሌ ቤትን በተመለከተ ባጭሩ፦ የመንግሥት ቤት የያዘ ተከራይ ለእናንተ መልሶ ሲያከራይ እርሱም እናንተም በአንድ ቀን ልትወጡ ትችላላችሁ። ርካሽ ነው፤ አውቃለሁ። ግን አትግቡበት። የግል ቤት ተከራይ ሆኖ አንዱን ክፍል የሚያጋራ ከሆነም የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ጠይቁ።

አምስተኛ፣ ብር። እዚህ ላይ ሕጉ ራሱ ጥሩ ወንፊት ሰጥቶናል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያ ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ መንገድ እንዲሆን ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ ምዝገባው በወረዳ ቤቶች ልማትና አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ነው። እነዚህን በቃላችሁ ያዙ፤ ተከራይን ከመጠበቃቸው በላይ መልስ ለማበጠር ይጠቅሟችኋል። «የስድስት ወር ቅድሚያ፣ በካሽ፣ ውል አያስፈልግም፣ እንተማመናለን» ያለ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ከሕግ ወጥቷል። ገና በጽሑፍ ስታወሩ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ውሉን ወረዳ አብረን ሄደን እናስመዘግባለን አይደል?» እውነተኛ አከራይ ግብር ፈርቶ ሊያንገራግር ይችላል፤ ያንገራግርና ይከራከራል። አጭበርባሪው ግን ብዙውን ጊዜ ወዲያው ይጠፋል። ይህች አንዲት ጥያቄ ብቻ ከጎረፈው መልስ ብዙውን ታጠራለች።

ብር ስትልኩ ስሙን አንብቡ። በቴሌብርም ሆነ በባንክ መተግበሪያ ቁጥሩን ስታስገቡ የሚስጥር ቁጥራችሁን ከመጻፋችሁ በፊት የተቀባዩ ስም ይመጣል። እዚያች ላይ ቁሙ። በካርታው ያለው ስም፣ በመታወቂያው ያለው ስም፣ በውሉ ያለው ስም፣ ስልካችሁ ላይ የመጣው ስም አንድ ነው? አንድ ካልሆነ አትላኩ። «የወንድሜ ነው»፣ «የእኔ ታግዶ ነው» ቢባልም አትላኩ። የሌላ ሰው አካውንት የግድ ከሆነ ያ አካውንት ቁጥሩና የባለቤቱ ስም ተጠቅሶ በውሉ ላይ ይጻፍ፤ አከራዩ ይፈርምበት።

ቀብድ እጠይቃለሁ የሚል ይኖራል፤ ቀብድ በራሱ ነውር አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱን ይለቃል፤ ቀብድ ተቀባዩ ከተወ እጥፉን ይመልሳል፤ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 ያለውን አንብቡ። ውሉ ከተፈጸመ ደግሞ ቀብዱ ይመለሳል ወይም ከኪራዩ ላይ ይቀነሳል። ግን ይህ ሁሉ የሚሠራው ወረቀት ሲኖር ነው። ወረቀቱ ላይ የተቀባዩ ስም እስከ አያት፣ የቤቱ ወረዳና ቁጥር፣ የብሩ መጠን በአኃዝና በፊደል፣ ለምን እንደተሰጠ፣ ዋናው ውል የሚፈረምበት ቀን፣ የሁለት ምስክር ስምና ፊርማ ይኑርበት። መጠኑ ደግሞ ቢጠፋ የማታለቅሱበት ይሁን። «ሌላ ሰው ሊይዘው ነው፣ በአሥር ደቂቃ ካልላክሽ አለቀ» ሲሏችሁ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን አስታውሱ። እውነተኛ ቤት ሲያመልጥ ያበሳጫል፤ ግን የሚያመልጣችሁ ቤቱ ብቻ ነው።

ከውጭ አገር የመጣችሁ፣ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ «ለገና ስመጣ የምይዘው ቤት ፈልጉልኝ» ያላችሁ እዚህ አላችሁ። ከዋሽንግተን፣ ከሪያድ ወይም ከቴል አቪቭ ሆኖ ቤት የሚጠይቅ ሰው በዓይኑ ማየት አይችልም፤ በዶላር ወይም በሪያል እንደሚከፍልም ይታወቅበታል። ለእርሱ የምለው ይህን ነው፦ የተቀዳ ቪዲዮ አትቀበል። በቀጥታ ቪዲዮ ደውል፤ ሰውየው ከአስፋልቱ ጀምሮ ሳያቋርጥ ይሂድ። የብሎክ ቁጥሩን ያሳይ፣ ደረጃውን ይውጣ፣ የበሩን ቁጥር ያሳይ፣ ይክፈት፣ ቧንቧውን ይክፈት፣ መብራቱን ያብራ፣ ከመስኮቱ ውጭ ያሳይ። መሀል ላይ «ኔትወርክ ተቋረጠ» ብሎ ውስጥ ገብቶ ከጀመረ «ከመንገዱ እንደገና» በል። ከዚያ በኋላም ብር ከመላክህ በፊት እህትህን፣ የአክስትህን ልጅ፣ የምታምነውን ሰው ላክ። ከውጭ የሚላክ ገንዘብ በሌላ ሰው ስም ከተወሰደ ማስመለሱ በጣም ከባድ ነው።

አሁን ደግሞ ብሩ ሄዷል እንበል። መጀመሪያ የምታደርጉት ምንድን ነው? መሳደብ? አይደለም። ዝም በሉ፣ ስክሪንሾት አንሱ። ቴሌግራም ላይ ያ ሰው የተጻጻፋችሁትን ከእናንተም ስልክ ላይ ጭምር መሰረዝ ይችላል። ነቃሁብህ ያላችሁት ጊዜ ማስረጃው ይጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ንግግሩን ከላይ እስከ ታች፣ ፕሮፋይሉን፣ ዩዘርኔሙን፣ ስልክ ቁጥሩን፣ ፎቶዎቹን ያዙ። ቀጥሎ ያን ደቂቃ ወደ ላካችሁበት ባንክ ደውሉ፤ በቴሌብር ከሆነ 127 ላይ ደውሉ፤ የግብይት ቁጥሩን ስጡ። ገንዘቡ ካልወጣ ተስፋ አለ፤ ከወጣ ግን በፖሊስ በኩል ነው የሚሄደው። ከዚያ ማስረጃውን አትማችሁ ለፖሊስ ጣቢያ አመልክቱ። በለጠፋችሁበት ግሩፕም አስተዳዳሪውን ንገሩት፤ ያው ሰው ዛሬ ለሌላ አሥር ሰው እየጻፈ ነው። አፍራችሁ ዝም አትበሉ። የተታለለ ሰው ሞኝ አይደለም፤ ቤት የፈለገ ሰው ነው።

ሁሉ ነገር ተጣርቶ ውሉን የፈረማችሁ ደግሞ ቁልፍ በተቀበላችሁበት ቀን የቆጣሪውን ንባብ ፎቶ አንሱ፤ የግድግዳውን ስንጥቅ፣ የተሰበረውን መስታወት፣ የሚያፈሰውን ቧንቧ አከራዩ ባለበት አንሱና በውሉ አባሪ ላይ ጻፉ። የበሩን ቁልፍ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ቀይሩ፤ ከእናንተ በፊት ስንት ሰው ያንን ቁልፍ እንዳስቀረጸ ማን ያውቃል?

ጊዜዬ አልቋል መሰለኝ፤ አስተባባሪዋ እያየችኝ ነው። ጥያቄ ከመጀመራችን በፊት ግን፣ አሁን ስልካችሁ ላይ «ቤት አለኝ» የሚል ያልመለሳችሁለት መልእክት ያላችሁ ወደዚህ ጠረጴዛ ኑ። ስሙንና ቁጥሩን ሸፍናችሁ አሳዩኝ፤ አንድ በአንድ አብረን እናነበዋለን። እሺ፣ አንቺ እዚያ ጋ፣ ቀይ ሹራብ የለበስሽው፤ ከአንቺ እንጀምር።